የስሌትና የጉባኤ ሠርግ

ሰው መጥራት ቀላል ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ ኮልፌ ኑና አንድ ሰው ጥሩ። አንዱን ስትጠሩ አጠገቡ ያለው «እኔስ ምን በደልኩ?» ይላል። ሁለቱንም ስትጠሩ ሦስተኛው በሰው በኩል ሰምቶ ያኮርፋል። ሁሉንም ስትጠሩ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ከየት አምጥቶ ነው?» ተብሎ ይወራባችኋል። እኔ ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ። በሰፈራችን የጥሪ ወረቀት የሚያረቅቅለት የፈለገ ሰው በቀጥታ የሚመጣው እኔ ቤት ነው። ሠርግ በሉ፣ ምርቃት በሉ፣ መውሊድ በሉ፣ የዕድር ስብሰባ በሉ፣ እኔ የጠራሁት ሰው ቀርቶ አያውቅም። አንዱ ሙሽራማ የራሱን የጥሪ ወረቀት ሳነብለት አልቅሷል። ባለቤቴ አስካለ «ያለቀሰው በሌላ ምክንያት ነው» ትላለች፤ እሷ ደግሞ መቼ ሥራዬን አድንቃ ታውቃለች!

እንግዲህ ይህን የመሰለ ስም ይዤ ነው ባለፈው ዓመት አንዲት ስብሰባ ጥራ ተብዬ ጉድ የሆንኩት።

የምሠራው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ነው። ስሙን አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው። ማዕረጌ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይባላል። ሥራው ሲተነተን ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ማይክራፎን «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያሉ መሞከርና እንግዳ ሲመጣ ጥርስ ማሳየት ነው። አማርኛዬ ግን የማይደፈር ነው። እንግሊዝኛ ቃል እየሰነቀሩ የሚያወሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ ደሜ ይፈላል።

ዶክተር ሰሚራ እዚያው የምታስተምር የሰፈራችን ልጅ ናት። ዶክተርነቷ የመርፌ ሳይሆን የኮምፒውተር ነው። ይህን ግን ለሰፈሩ ማስረዳት አልተቻለም። ታክሲ ስትጠብቅ እንኳ እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ ግፊቴን» የሚላት አይጠፋም። እሷም ምስኪን «ጨው ቀንሱ» ትልና ታልፋለች።

የምታጠናው ጎርፍን ነው። ይህን ያህል ዝናብ ቢጥል ውሃው በየት ወርዶ የማን ቤት ይገባል የሚለውን በኮምፒውተር ታሰላለች። ኮልፌ ደግሞ ክረምት ሲገባ ተዳፋቱ ሁሉ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ ነው። ችግሩ፣ ስሌቱ ከባድ ነው፤ ያላት ደግሞ አንዲት ላፕቶፕ ብቻ። ላፕቶፗ እየጮኸች፣ እንደ ምጣድ እየጋለች፣ የሐምሌን ጎርፍ መስከረም ላይ ትነግራታለች። «ጋሼ፣ ውሃው ሁሌ ይቀድመኛል እኮ» አለችኝ አንድ ቀን። ስቃ ነው የነገረችኝ፤ እኔን ግን አንጀቴን በላችኝ።

መፍትሔው ብዙ ኮምፒውተሮች እንደ ደቦ ተሰባስበው አንዱን ሥራ ተረባርበው የሚጨርሱበት ትልቅ ማሽን ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት እንዲህ ያለ ማሽን አለው። ሰሚራ ጉባኤ ልታዘጋጅ፣ ድርጅቱም ማሽኑን ለማሳየት ይዞ ሊመጣ ተስማሙ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ታደሰ ግን ቁርጡን ነገራት፦ «አዳራሹ ሞልቶ ይህን ነገር የሚፈልግ ሰው መኖሩን ካየሁ ማሽኑን ለአንድ ዓመት እናንተ ጋ እተወዋለሁ። ካልሆነ ሌላ ከተማ የሚፈልገው ኮሌጅ አለ።» እንግዲህ የልጅቷ ነገር የተንጠለጠለው በጥሪው ላይ ሆነ። ጥሪው ደግሞ በእኔ ላይ።

«ጋሼ» አለችኝ ቢሮዬ መጥታ፣ «የሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒዩቲንግ ኮንፈረንስ ነው። ሪሰርቸሮችና ቬንደሮች ናቸው የሚጠሩት። እርስዎ በሚያምር አማርኛ ይጻፉልኝ።»

ከተናገረችው ሁሉ ከልቤ የገባችኝ «በሚያምር አማርኛ» የምትለዋ ብቻ ናት። ግን አበጥኩ። «ተይው ለእኔ!» አልኳት አፌን ሞልቼ።

ማታ ቁጭ ብዬ ተርጎምኩት። ሃይ ፐርፎርማንስ፣ ከፍተኛ ብቃት። ኮምፒዩቲንግ፣ ስሌት። ኮንፈረንስ፣ ጉባኤ። ሪሰርቸር፣ ተመራማሪ። ሲፈስ አያችሁት? ቬንደር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ደውዬ ብጠይቃት ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ ባልኖረ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? የሰፈሩ ቃል አዋቂ እኔ፣ ትናንት ፊደል ስትቆጥር ያየኋትን ልጅ «ቬንደር ምንድን ነው?» ልላት? መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ሻጭ ይላል። ሻጭ! ኮልፌ ላይ ሻጭ ፈልግ ተብዬ? በመስኮት አንገቴን ባወጣ አይጠፋም። «ሻጭ» የሚለው ቃል ለጥሪ ወረቀት ክብር የለውም ብዬ «ነጋዴ» አልኩትና ተኛሁ።

በማግስቱ ጦር ኃይሎች አካባቢ ተካልኝ የሚባል ልጅ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ተካልኝ እጁ የተባረከ ነው፤ ግን ከሠርግ ካርድ በቀር አትሞ አያውቅም። ለጋራዥ ያተመው ደረሰኝ ላይ ሳይቀር ጽጌረዳ አለበት። ወረቀቴን ሰጥቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጠርዙ ወርቃማ። ላይኛው መስመር ላይ በደቃቅ ፊደል «ተመራማሪዎችና ነጋዴዎች በሚሳተፉበት በከፍተኛ ብቃት» ይላል። መሃል ላይ በግራ በኩል በትልቅ የወርቅ ፊደል «ስሌት»። በቀኝ በኩል እንደዚያው ሆኖ «ጉባኤ»። በሁለቱ መካከል አንዲት አበባ። ከሥር ቀኑ፣ የኮሌጁ አዳራሽ፣ ከዚያ «ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል»።

«ከነቤተሰብዎን እኔ አልጻፍኩም» አልኩት።

«እሷ ቀድማ የገባች ናት ጋሼ፤ ሁሉም ላይ አለች።»

«እነዚህ ላይኛው ላይ የተያያዙት ሁለት ክቦችስ?»

«ለማሳመሪያ ናቸው።»

እኔ ግን ወዲያው በራሴ ተረዳሁት። ሰሚራ አንድ ጊዜ «ኮምፒውተር ማለት ዜሮና አንድ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። እነዚህ ዜሮዎቹ ናቸው። አንዱ የት ገባ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። «ብራቮ ተካልኝ! አጥንተህበታል ማለት ነው!» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ልጁ ግራ ገብቶት አመሰገነኝ።

የተመራማሪዎቹን በየዩኒቨርሲቲው በፖስተኛ ላክሁ። የነጋዴዎቹን ግን በእጄ ነው ያዳረስኩት፤ ኮልፌ ላይ በሰው እጅ የተላከ ጥሪ እንደ ንቀት ይቆጠራል። መጀመሪያ የሄድኩት ሐጂ ሸምሱ ጋ ነው። ሐጂ ብርድ ልብስና ምንጣፍ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ገበያው ሁሉ የሚሰማቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ከመጡ ሁሉም ይመጣል። መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን አራቅ አድርገው ያዙና አነበቡ።

«ማሻ አላህ! ስሌት... ጉባኤ... አላህ ያማረ ያድርገው።»

«አሜን ሐጂ!»

«ተመራማሪዎች የተባሉት በስሌት በኩል ናቸው?»

ጥያቄው በሳል ሆኖ አገኘሁት። «ልክ ነዎት! እነሱ በስሌት በኩል ናቸው።»

«እኛ ነጋዴዎቹ እንግዲህ በጉባኤ በኩል።»

«እንዴታ! ያለ እናንተ ጉባኤ ምን ዋጋ አለው?»

ይህን ስል ሐጂ ልባቸው ተነካ። እጄን ያዝ አድርገው «አንተ ከጠራኸንማ እንዴት እንቀራለን!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «የሙስሊም ምግብ ለብቻ አለ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። የተያዘው ብስኩትና ውሃ ስለሆነ «ለሁሉም የሚሆን ነው» አልኳቸው።

«የመጀመሪያው ነው?»

«አዎ፣ የመጀመሪያው ነው። ከተሳካልን በየዓመቱ ይደገማል።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «በየዓመቱ?»

«እግዜር ካለ።»

«አጃኢብ!» አሉና ካርዱን ኪሳቸው ከተቱ። በጉጉት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፍኩ። የሽሮ ነጋዴ፣ የላስቲክ ጫማ ነጋዴ፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ማንን አስቀራለሁ! አስኮ ድረስ ሄጄ ሁለት የሲሚንቶ አከፋፋዮች ጠርቻለሁ። ሁሉም ካርዱን እያዩ ይመርቁኛል። በሕይወቴ ለስብሰባ እንደዚያ ስመረቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን አስካለ ከገበያ ገባች። ዘንቢሉን አላስቀመጠችም፣ ነጠላዋን አላወረደችም።

«ጉባኤ ማነው?» አለችኝ።

«ማነው ይባላል? ምንድን ነው በይ እንጂ።»

«ልጅህን ምንድን ነው ልበለው?»

«የምን ልጅ?»

«ገበያው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ አገላብጦ ሲስመኝ ዋለ! ባለቤትሽ ልጅ ሊድር ካርድ እያደለ ነው አሉኝ። እኔ የወለድኩልህ ሁለት ሴቶች ነው። ጉባኤ ደግሞ የእኛ አገር ስም ነው፤ ጎጃም ለለቅሶ በሄድን ቁጥር ቀድመኸኝ ተነስ ተነስ የሚልህ ለካ ለዚህ ነው! ከማን ነው የወለድከው?»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ጉባኤ ማለት ስብሰባ ነው! ስሌት ማለት ደግሞ ሒሳብ ነው!»

ካርዱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «ሒሳብ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለበት ያጠለቀው?»

«ቀለበት አይደለም፤ ዜሮ ነው።»

«ፈርጥ ያለው ዜሮ?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አንደኛው ዜሮ ጫፉ ላይ የምታብረቀርቅ ነገር አለችው። እውነትም ፈርጥ ናት። ከዚያ በኋላ ካርዱን እንደ አዲስ አነበብኩት። ስሌት፣ አበባ፣ ጉባኤ፣ ከነቤተሰብዎ። ሐጂ «በየዓመቱ?» ሲሉ ያዩኝ አስተያየት ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። አስካለ ነገሩ ሲገባት ወንበሩ ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ለእሷ ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ሰሚራ ካርዱን ይዛ ቢሮዬ ገባች። ኢንጂነር ታደሰ ደውሎ «ዶክተር፣ ማን ሊያገባ ነው?» ብሏታል።

«ይስተካከላል» አልኳት። «ዋናው ሰው መምጣቱ አይደል? ቬንደር በቬንደር አድርጌልሻለሁ። ሐጂ ሸምሱ እርግጠኛ ናቸው።»

«ሐጂ ሸምሱ ምን ሊያቀርቡ ነው ጋሼ?»

«ብርድ ልብስ።»

ወንበሩን ሳበችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ቬንደር ማለት ለካ እንዲህ ያሉትን ማሽኖችና የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች የሚሸጥ ድርጅት ኖሯል። ከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከኢንጂነር ታደሰ በቀር አንዳቸውንም አልጠራሁም። ተመራማሪዎቹ ጋ መደወል ጀመርን። አንዱ ፕሮፌሰር «ከሁለቱም ቤተሰብ የማውቀው ሰው ስለሌለ ነው የማልመጣው» አሉን። ሌላዋ «ለሙሽሮቹ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው» ብላ ዘጋችው። ሌሎቹን ማሽን ሻጮች ብንጠይቅ ቀኑ ደርሷል፣ አንችልም አሉ። ከብዙ ልመና በኋላ እንመጣለን ያሉት ተመራማሪዎች አንድ ሚኒባስ አይሞሉም።

ሰሚራ ስልኩን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ማሽኑን ሊወስዱት ነው። ዘንድሮም ክረምቱ እንዲሁ ሊያልፈኝ ነው» አለችና እንባዋ መጣ። አልተቆጣችኝም እኮ! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ቢያንስ በሠርግ ልብስ አጊጦ የሚመጣው ሕዝብ ልጅቷን እንዳያሳፍርብኝ ብዬ ነጋዴዎቹን ላስቀር ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቋል። ጆሮአቸው ሥር ጠጋ ብዬ «ሐጂ፣ የዚያ የጥሪው ነገር ቀርቷል» አልኳቸው።

«ፈረሰ?» አሉ ደንግጠው።

«ትንሽ ችግር ገጥሞን ነው። እውነቱን ለመናገር...»

«በቃ! ሰው ፊት አትናገር። ገብቶኛል» ብለው ትከሻዬን አቅፈው እስከ በር ሸኙኝ።

የገባቸው ምን እንደሆነ ያወቅኩት አመሻሹ ላይ ነው። በራችን ተንኳኳ፤ ሐጂና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ግቡ ብል «አንገባም» አሉ፤ ተቀመጡ ብል «አንቀመጥም»። በመጨረሻ ሳሎኑ መሃል ተሰልፈው ቆሙ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በልጆች መካከል ግጭት ያለ ነው» አሉ። «የወንዱ ወገን እኛ ነን። ጥፋቱ የጉባኤ ከሆነ እንገሥጸዋለን። ጥራልን።»

«ማንን?»

«ጉባኤን ነዋ!»

ከጓዳ የአስካለ ሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ጓዳ ሆና የምታለቅስ መሰላቸው፤ አንዱ «አይዞሽ ስሌት» አሏት። በዚህን ጊዜ አስካለ እጅ ሰጠች፤ ድስት ሲወድቅ ሰማሁ።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርዱን፣ ዜሮውን፣ ቬንደሩን፣ አንዱንም አልደበቅኩም። ሲያልቅ ሐጂ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «በየዓመቱ ይደገማል!» አሉና ከዘራቸውን ለቀው ሶፋው ላይ ተዘረጉ። አራቱም እየተደጋገፉ ሳቁ። እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜያለሁ።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ዓይናቸውን ጠርገው «ለመሆኑ ይህ ማሽን ለምን ፈለገችው ልጅቷ?» ብለው ጠየቁ። የጎርፉን ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። የሐጂ መጋዘን ወንዝ ዳር ነው። በየክረምቱ ውሃ ይገባል፤ በየክረምቱ እርጥብ ብርድ ልብስ በየአጥሩ ይሰጣል፤ የተረፈው ሻግቶ ይጣላል።

«አዳራሹ መሙላት አለበት ነው ያልከው?»

«አዎ ሐጂ። ግን በተመራማሪና በ...»

«በነጋዴ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። እኛ ምንድን ነን ታዲያ? ተጠርተናል፤ እንመጣለን!»

መጡ። አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሙሉ ልብስ፣ ጀለቢያ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የሽቶው ዓይነት! «ከነቤተሰብዎ» ስለሚል ልጆችም አሉ። ተመራማሪዎቹ ፊት ለፊት አንድ ረድፍ ይዘው ኮምፒውተራቸውን አቅፈው እንደ ሚዜ ተኮልኩለዋል። ኢንጂነር ታደሰ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ማመን አቅቶታል። እኔን ሲያይ «እነዚህ ሁሉ ቬንደሮች ናቸው?» አለኝ። «በሙሉ!» አልኩት። ምን ዋሸሁ?

ከዚያ ማሽኑ ገባ። ቁም ሳጥን ያክላል። አቧራ እንዳይነካው ከላይ እስከ ታች ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች እየደገፉ በቀስታ ሲገፉት እናቶቹ አላስቻላቸውም፤ እልልታው አዳራሹን አናወጠው። ማስቆም የሚችል ኃይል አልነበረም። አንዱ ተመራማሪም ሳያስበው ተነሥቶ አጨበጨበ።

ሰሚራ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችውን ጀመረች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ፊተኛው ረድፍ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ጨዋ ሆኖ ምንም ሳይገባው ያዳምጣል። ሐጂ እጃቸውን አወጡ።

«ዶክተር ልጄ፣ ይቅርታ። ያ ሁሉ ይቆየኝና፣ የእኔን መጋዘን አሳይኝ።»

ሰሚራ ጽሑፉን ዘጋችና የኮልፌን ካርታ ግድግዳው ላይ አወጣች። «እሺ ሐጂ፤ የአምናን የመሰለ ዝናብ እናዝንብበት» አለች። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ላፕቶፗ ሳምንታት የምትጨርስበትን ነገር ብስኩቱ ታድሎ ሳያልቅ ጨረሰው። ግድግዳው ላይ ሰማያዊው ውሃ ከላይ እየተንደረደረ ወረደ።

«ያ የእኛ ድልድይ ነው!»

«በመስጊዱ ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ብያችሁ ነበር!»

«ኧረ የእኔ ሱቅ! ዶክተር፣ ትንሽ ወደ ግራ አድርጊልኝ!»

አዳራሹ ገበያ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ከነጋዴዎቹ ጋር ግድግዳው ሥር ተጋፉ። ውሃው የቱ ጋ እንደሚያቆር አንዱ የሽሮ ነጋዴ ከፕሮፌሰር ጋር ተከራከረ። የሰሚራ ድምፅ መንቀጥቀጡን ተወ። የእኔ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ተሳካ ብዬ።

ኢንጂነር ታደሰ ማይክራፎኑን ተቀበለ። «እውነቱን ልናገር» አለ። «እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል። ግን የጠበቅኩት ማሽን የሚገዙና የሚሸጡ ድርጅቶችን ነበር። እነሱ የሉም። ያ ሌላው ኮሌጅ ደግሞ አምስት ድርጅት ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ለአለቆቼ ምን ብዬ ልንገር? አዝናለሁ ዶክተር።»

ሰሚራ አንገቷን ደፋች። በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት ነው ይህ ሁሉ።

በዚህ መሃል ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ሐጂ ተነሡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። በቀስታ ወደ ፊት ሄደው ኢንጂነሩ ፊት ተሰለፉ።

«አባቶች፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ደንግጦ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ ማሽኑ በከዘራቸው አመለከቱ። «ልጅህን አይተናል። ጨዋ ናት፤ ሥራ ወዳድ ናት። ልጃችንን ደግሞ አንተም አይተሃታል። ፈጣሪ ፈቅዶ አገናኝቷቸዋል። ልጅህን ስጠን ብለን ሽማግሌ ሆነን ቆመናል።»

ኢንጂነር ታደሰ ሊስቅ አሰበ፤ የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያይ ተወው። የአገሩ ልጅ ነዋ! አራት ሽማግሌ አቁሞ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። «ቤተሰብ ላማክር» አለና ስልኩን ይዞ ወጣ። ቆየ። ወንበር ቢቀርብላቸው ሐጂ በእጃቸው ገፉት። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሰሚራ ሄዳ ደገፈቻቸው።

ተመልሶ ገባ። አለቆቹን ምን እንዳላቸው አላውቅም። ሐጂ ፊት ቆሞ «ሙቀት አትወድም» አለ።

«በጥላ እናኖራታለን።»

«መብራት ሲጠፋ ትጎዳለች።»

«ጄኔሬተር አለኝ፤ ለእሷ ይሁን።»

«እንግዲያው» አለ ኢንጂነሩ፣ «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ አባቶች።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ስለ እልልታው አልነግራችሁም፤ ጦር ኃይሎች ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ሰሚራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ እየሮጠች ሄዳ የሐጂን እጅ ሳመች።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ሰሚራ ሐጂ ጋ ደወለች። «ከነገ ወዲያ ከሰዓት በኋላ መጋዘንዎ ውሃ ይገባል፤ ዕቃዎን ያውጡ» አለቻቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። ሐጂ ግን ጭነው አወጡት፤ ግማሹ ብርድ ልብስ እኔ ሳሎን ገብቶ አስካለ ከክምሩ ላይ ሆና ነው ቴሌቪዥን ያየችው። በተባለው ቀን ዝናቡ ወረደ። ወንዙ ሞልቶ የመጋዘኑን በር ጥሶ ገባ።

ሲያባራ ከሐጂ ጋር ሱሪያችንን ሰብስበን ገባን። ስልካቸው ጮኸ፤ ሰሚራ ናት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሐጂ፣ የት ደረሰ?»

«ጉልበቴ ጋ።»

«እኔ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር ያልኩት። ተሳስቻለሁ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስተካክለዋለሁ።»

ሐጂ ዞር ብለው መጋዘኑን አዩት። ግድግዳውን፣ ጥጉን፣ እስከ ጣራው።

«አንቺ ልጅ፣ የምን ይቅርታ ነው? ባዶ እኮ ነው!» አሉ። «ውሃው ገብቶ ምንም አላገኘም! ባዶ ነው አልኩሽ፣ ባዶ!»

ያን የሚያህሉ ሽማግሌ ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው፣ እየሳቁም እያለቀሱም፣ ያን ውሃ በእግራቸው ግድግዳው ላይ ይረጩት ጀመር።